ስፖንሰር ባይመጣስ? በበጎ ፈቃደኞች ለሚዘጋጅ ጉባኤ አዳራሽና በጀት አመራረጥ

የፕሮግራመሮች፣ የዊኪፒዲያ ጸሐፊዎች ወይም የመጻሕፍት ወዳጆች ስብስብ አላችሁ እንበል። በየወሩ ትገናኛላችሁ። አሁን አንድ ሰው «ለምን ዓመታዊ ጉባኤ አናዘጋጅም?» ብሏል፤ ሁሉም ተስማምቷል። ደመወዝ የሚከፈለው አዘጋጅ የለም። ሁሉም ከሥራ መልስ የሚሠራ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲታሰብ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደወለው ለሆቴል ነው። ከዚያ የሆቴሉን ዋጋ የሚሸፍን ስፖንሰር ፍለጋ ይወጣል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። አንድም ስፖንሰር ባይመጣ በተሳታፊዎች መዋጮ ብቻ ልትከፍሉት የምትችሉትን ቦታ ምረጡ። ስፖንሰር ከመጣ ምሳው ይሻሻላል፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሰዎች ትራንስፖርት ይከፈልላቸዋል። ካልመጣ ጉባኤው አይሰረዝም፤ ማንም በጎ ፈቃደኛም በራሱ ስም ዕዳ አይገባም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

መመሪያው አዲስ አበባ ላይ ለሚደረግ፣ ከ100 እስከ 200 ሰው ለሚገኝበት ጉባኤ የተጻፈ ነው። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላይ ካሰባችሁ ዋጋው ይለያል እንጂ ስሌቱ ያው ነው።

1. የሰዉን ቁጥር በትክክል ገምቱ

የቴሌግራም ግሩፑ 3,000 አባላት አሉት ማለት 300 ሰው ይመጣል ማለት አይደለም። የሚታመነው ቁጥር በቅርብ ወራት ስብሰባዎች ላይ በአካል የተገኘው ሰው ነው። የስም ዝርዝር ካላችሁ አውጡትና ተደጋጋሚውን እየቀነሳችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ሁለት ቁጥር ያዙ፦ «ቢያንስ ይህን ያህል ይመጣል» እና «ከዚህ በላይ አንቀበልም»። አዳራሹ የሚመረጠው በትልቁ ቁጥር ነው። በጀቱ የሚሠራው ግን በትንሹ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አንድ ቀን ይበቃል። ሁለት ቀን ማለት ሁለት ምሳ፣ ሁለት ቀን አዳራሽ፣ ከሌላ ከተማ ለሚመጣው ደግሞ ተጨማሪ አዳር ነው። አንድ ትልቅ አዳራሽና አንድ አነስ ያለ ክፍል ካገኛችሁ ለአንድ ቀን ብዙ ነገር ይሠራበታል።

2. ቀን ስትቆርጡ የአገሩን ካሌንደር ዘርግታችሁ እዩ

ቅዳሜ ከሌሎቹ ቀናት ይሻላል። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ብዙ ነው። ዓርብ ደግሞ ሥራም አለ፣ የጁምዓ ሶላትም አለ። የአድቬንቲስት አባላት ካሏችሁ ግን ቅዳሜ ለእነሱ ሰንበት ስለሆነ አስቀድማችሁ አማክሯቸው።

ወሩም መታሰብ አለበት። ክረምት ላይ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሲጀምር መንገዱ ይጨናነቃል፤ ሰው ያረፍዳል። የካቲት አካባቢ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ አለ። በዚያ ሰሞን ሆቴሎች ይሞላሉ፣ ዋና ዋና መንገዶች ይዘጋሉ። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ በሚካሄድበት እሑድ የመስቀል አደባባይ አካባቢ አይታሰብም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሆነ የፈተናና የምረቃ ሳምንታትን ሽሹ። ጠዋት የታየ ባዶ አዳራሽ ከሰዓት ለፈተና ሊፈለግ ይችላል።

ጾም የምግቡን በጀት ይለውጣል። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ያለው የነቢያት ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ፍልሰታ፣ እነዚህን ሁሉ ምልክት አድርጉባቸው። በጾም ወቅት ማድረግ ክፉ አይደለም። እንዲያውም የጾም ምሳ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፤ ሁሉንም ሰው አንድ ገበታ ላይ ለማስተናገድም ይቀላል። ረመዳን ግን ቢታለፍ ይመረጣል። ቀኑን ሙሉ የሚጾም ሰው ምሳና ሻይ ባለበት ፕሮግራም ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ለአፍጥር ለመድረስም ቀድሞ መውጣት ይኖርበታል።

አንድ ቀን ብቻ ይዛችሁ አዳራሽ አትጠይቁ። ሦስት ቅዳሜ ያዙ። «ከሦስቱ በአንዱ ብትፈቅዱልን» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የተሻለ ዋጋም ያገኛል።

3. ቦታው የት ይሁን?

እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለዩኒቨርሲቲ ነው። ምክንያቴ ዋጋው ብቻ አይደለም። ተማሪ እንግዳ ሳይሆን ባለቤት ሆኖ የሚገባበት ቦታ ነው። በዓለም ላይ ለረጅም ዓመታት የዘለቁ የበጎ ፈቃደኛ ጉባኤዎችን ብታዩ ብዙዎቹ ግቢ ውስጥ ናቸው። ብራስልስ ላይ በየዓመቱ የሚካሄደው የነጻ ሶፍትዌር ሠሪዎች ጉባኤ፣ ፎስዴም፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይገኝበታል፤ መግቢያው ነጻ ነው፤ ምዝገባ እንኳ የለውም። ለዚህ አንዱ ምክንያት የብራስልስ ነጻ ዩኒቨርሲቲ ግቢውን መስጠቱ ነው፤ ምሳውን ደግሞ ሰው እዚያው በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ይበላል። ዴቢያን የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራው ማኅበረሰብ በ2016 እ.ኤ.አ. ዓመታዊ ጉባኤውን አፍሪካ ሲያመጣ የመረጠው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲን ነው። የፓይተን ፕሮግራመሮች ጉባኤ የሆነው የመጀመሪያው ፓይኮን ናሚቢያም በ2015 እ.ኤ.አ. የተካሄደው በናሚቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው።

እኛ ጋ መንገዱ ይህ ነው። ከስብስባችሁ ውስጥ በዚያ ግቢ የሚያስተምር ወይም የሚማር ሰው ፈልጉ። በእሱ በኩል ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤ አስገቡ። ደብዳቤው ላይ ዓላማው፣ ቀኑ፣ የሰዉ ብዛት፣ ለተማሪዎች የሚገኘው ጥቅም ይጻፍ። ትምህርት ክፍሉ ተባባሪ አዘጋጅ ሆኖ ስሙ ባነር ላይ ቢወጣ ክፍያው ሊቀንስ፣ አልፎ አልፎም ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ፈቃዱን በቃል ብቻ አትቀበሉ። የተፈረመና ማኅተም ያለው ደብዳቤ እጃችሁ ይግባ፤ ቅጂው ደግሞ ለጥበቃ ክፍል ይድረስ።

የጥበቃውን ነገር አትናቁት። ግቢ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ቦርሳ ይፈተሻል፣ ላፕቶፕ ይመዘገባል። 150 ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲመጣ ሰልፉ ረጅም ነው። የተሳታፊዎችን ስም ዝርዝር ከቀናት በፊት ለጥበቃ ስጡ፤ በዕለቱም ከስብስባችሁ ሁለት ሰው በሩ ላይ ይቁም።

ሆቴል የሚሻልበት ጊዜም አለ። የሚሯሯጥ ሰው ከሌላችሁ የሆቴል ፓኬጅ ብዙ ሥራ ይቀንሳል። አዳራሹ፣ ሁለት ጊዜ ሻይ ቡና፣ ምሳው፣ ውኃው፣ ፕሮጀክተሩ፣ ማይኩ አንድ ላይ ይመጣል። ጄኔሬተርም ስላለ መብራት ጠፋ ብሎ መጨነቅ አይኖርም። ዋጋው በሰው የሚቆጠር መሆኑን ግን አትርሱ። ለ150 ሰው ቃል ገብታችሁ 90 ሰው ቢመጣ የምትከፍሉት ለ150 ነው።

ከሁለቱ ውጪ የሚታዩም አሉ። የወመዘክር (የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አዳራሽ ለመጻሕፍት ምረቃና ለውይይት የታወቀ ነው። አራት ኪሎ ያለውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትንም ጠይቁ። ከ60 እስከ 80 ሰው ከሆነ የጀማሪ ኩባንያዎች ማዕከል ወይም የአንድ አባል መሥሪያ ቤት የስብሰባ አዳራሽ ይበቃል። አንዳንዱ የመንግሥት አዳራሽ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤ ይጠይቃል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ ደብዳቤው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

4. አዳራሹን ጉባኤው በሚደረግበት ቀንና ሰዓት ሄዳችሁ እዩ

ጉባኤው ቅዳሜ ከሆነ በቅዳሜ ሂዱ። ማክሰኞ ጸጥ ያለ አዳራሽ ቅዳሜ ከጎኑ ሠርግ ሊኖርበት ይችላል።

ፕሮጀክተሩን በራሳችሁ ላፕቶፕ አስከፍቱ። የመስኮቱ መጋረጃ ክፍሉን ካላጨለመው ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጽሑፍ አያነብም። ማይኩን ይዛችሁ ተናገሩ፤ አንዳችሁ ደግሞ መጨረሻው ወንበር ላይ ሆናችሁ ስሙ። የግድግዳ ሶኬቶችን ቁጠሩ። ቴክኖሎጂ ነክ ጉባኤ ከሆነ ዲቫይደር ከየቤቱ መሰብሰብ ይኖርባችኋል፤ የዲቫይደሮቹን ጭነት ግን ለግቢው የመብራት ሠራተኛ ንገሩት። ዋይፋይ «አለ» ሲባል አትመኑ፤ በአንድ ጊዜ አሥር ስልክ አገናኝታችሁ ሞክሩት። ካልሆነ ኢንተርኔት የማይፈልግ ፕሮግራም አዘጋጁ፤ ለመድረኩ ብቻ የሞባይል ዳታ ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። ጄኔሬተር አለ? ለዚህኛው አዳራሽ ይደርሳል? ነዳጁን የሚሞላው ማን ነው? ቁልፉ የማን እጅ ነው? ቅዳሜ ያ ሰውዬ ይገባል? የመጨረሻውን ጥያቄ ጠበቅ አድርጉ። ስሙንና ስልኩን ያዙ፤ ለትርፍ ሰዓቱም በጀት ላይ አስገቡለት።

ሽንት ቤት ግቡ። ውኃ አለ? የሴቶቹ በር ይቆለፋል? በዕለቱ የሚያጸዳው ማን ነው? የዊልቸር ተጠቃሚ ከመንገዱ እስከ አዳራሹ ያለ ሰው እርዳታ መድረስ ይችላል? አሳንሰር የሌለው አራተኛ ፎቅ በነጻ ቢሰጣችሁ እንኳ ተዉት። እንዳይመጣ የተደረገ ሰው አልመጣሁም ብሎ አይደውልላችሁም፤ ማን እንደቀረ ሳታውቁት ያልፋል።

ከዚያ በእግር ውጡና ታክሲ ያዙ። ከሜክሲኮ፣ ከመገናኛ፣ ከፒያሳ በአንድ ታክሲ ይደረሳል? ባቡሩ ይቀርባል? 12 ሰዓት ላይ ሲመሽ መንገዱ ብርሃን አለው? የሴት ተሳታፊዎች ቁጥር ከሰዓት በኋላ የሚቀንስበት አንዱ ምክንያት ወደ ቤት የመመለስ ሐሳብ ነው። ፕሮግራሙን 11 ሰዓት ላይ መጨረስ ምንም ወጪ የለውም።

5. ፕሮፎርማውን መስመር በመስመር አንብቡ

ቢያንስ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ አሰባስቡ። ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ካላመጣችሁ ግን ማወዳደር አትችሉም። መለኪያው «ሁሉም ነገር ተጨምሮ በሰው ስንት?» የሚለው ነው።

ለምሳሌ አንድ ሆቴል ፓኬጁ በሰው 1,500 ብር ነው ቢላችሁ (እዚህም ሆነ ከታች ያሉት ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው) ግርጌ ላይ ያለውን እዩ። «ሰርቪስ ቻርጅና ቫትን አይጨምርም» ካለ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲታከል 1,650 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 1,897 ብር ከ50 ይገባል። ለ150 ሰው 225,000 ብር ብላችሁ የያዛችሁት 284,625 ሆነ። ወደ 60,000 ብር የሚጠጋ ልዩነት ነው፤ ከአንድ መካከለኛ ስፖንሰር የምትጠብቁትን ያህል ሊሆን ይችላል።

ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸናም ተመልከቱ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ ለረጅም ጊዜ አጽንቶ የሚሰጥ ነጋዴ ማግኘት ከባድ ነው። ጉባኤው ከስድስት ወር በኋላ ከሆነ ዛሬ በተሰጣችሁ ዋጋ አትሥሩ፤ ቀብድ ስትከፍሉ ዋጋው እንዲቆለፍላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በዶላር የሚከፈል ነገር፣ ለምሳሌ የውጭ ተናጋሪ የአውሮፕላን ትኬት፣ በብር በጀታችሁ ውስጥ አታስገቡ። ያ ወጪ በዶላር የሚከፍል ስፖንሰር ካልተገኘለት ተናጋሪው በኢንተርኔት ይቅረብ።

6. በጀቱን ሁለት ጊዜ ሥሩት

ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰው ቢመጣም ባይመጣም የሚከፈል ነው፤ ሌላው በሰው ቁጥር የሚጨምር። ይህን ሳይለዩ የመግቢያ ዋጋ መቁረጥ አደገኛ ነው።

የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ወስደን እንሥራው። አዳራሽ 30,000፣ የድምፅ መሣሪያ ኪራይ 25,000፣ ጽዳትና ጥበቃ 10,000፣ ባነርና ባጅ 25,000፤ ቋሚው ወጪ 90,000 ብር ነው። በሰው ደግሞ ምሳ 450፣ ሁለት ጊዜ ሻይ 200፤ ድምሩ 650 ብር። መግቢያው 450 ብር ነው እንበል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንድ ሰው 450 ከፍሎ ሲገባ እናንተ 650 ታወጡለታላችሁ። ስለዚህ የሚመጣው ሰው በጨመረ ቁጥር ጉድለታችሁ በ200 ብር ያድጋል። «ብዙ ሰው ከመጣ ይሸፈናል» የሚለው ተስፋ በዚህ ስሌት አይሠራም። 150 ሰው ሲመጣ ጠቅላላ ወጪው 187,500፣ ከመግቢያ የሚገኘው 67,500 ነው። 120,000 ብር ከስፖንሰር መምጣት አለበት።

አሁን ያለ ስፖንሰር ሥሩት። ምሳ ይቅር፤ ሰው በግቢው ካፌ ወይም በአቅራቢያው በራሱ ይብላ። ሻይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ 100 ብር። ባነርና የታተመ ባጅ ይቅሩ፤ ስም በወረቀት ላይ በማርከር ይጻፍ። የድምፅ መሣሪያው አነስ ያለ ይሁን፣ 12,000። ከአዳራሹና ከጽዳትና ጥበቃው ጋር ቋሚው 52,000 ይሆናል። ከእያንዳንዱ ሰው 350 ብር ይተርፋል፤ በ150 ሲባዛ 52,500። ለጥቂት ተርፏል።

ግን በትንሹ ቁጥር እንሥራ ብለን ነበር። 120 ሰው ቢመጣ 42,000 ብቻ ነው፤ 10,000 ይጎድላል። ስለዚህ ወይ አዳራሹን 20,000 አድርጉልን ብላችሁ ትደራደራላችሁ፣ ወይ መግቢያውን ወደ 550 ታነሣላችሁ፣ ወይ አነስ ያለ አዳራሽ ትፈልጋላችሁ። ከሦስቱ በአንዱም ካልተዘጋ ያ ቦታ የእናንተ አይደለም። ውል አትፈርሙ።

መግቢያ ነጻ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ግን ነጻ ሲሆን ተመዝግቦ የሚቀረው ሰው ይበዛል፤ ምሳ የታዘዘለት ሰው ሲቀር ደግሞ ገንዘቡ ይባክናል። አነስተኛ ክፍያ ሰውን ያስመጣል። ለተማሪና ሥራ ለሌለው የተወሰነ ነጻ ቦታ ያዙ፤ የነጻውን ቁጥር ግን በጀቱ ውስጥ እንደ ወጪ ጻፉት። አንድ ሰው ነጻ ቦታ ሲጠይቅ ማስረጃ አትጠይቁት።

ከጠቅላላው 10 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ። ቲሸርት፣ ቦርሳና ብዕር ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይሁኑ። ከቲሸርት በፊት ከጎንደር ወይም ከድሬዳዋ የሚመጣ ወጣት ትራንስፖርት ይቅደም።

7. ገንዘቡ በማን እጅ ይሁን?

በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ወይም ቴሌብር ላይ ገንዘብ መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ግን ሰውየውን ለሐሜትም ለግብር ጥያቄም ያጋልጠዋል። ኩባንያዎችም ደረሰኝ ካልተሰጣቸው ብዙ ጊዜ አይከፍሉም።

ጥሩው መንገድ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ድርጅት ጥላ እንዲሆናችሁ ማድረግ ነው። የሙያ ማኅበር፣ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ክፍል ወይም የተመዘገበ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ በእነሱ ሒሳብ ይገባል፤ ደረሰኝ ይሰጣሉ፤ ከአቅራቢ ክፍያ ላይ የሚቀነሰውን ግብርም የሒሳብ ሠራተኛቸው ያውቀዋል። ስንት በመቶ ለአገልግሎት እንደሚወስዱና ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚለቀቅ በጽሑፍ ተስማሙ። በየዓመቱ የምትቀጥሉ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በራሳችሁ ስም መመዝገብን አስቡበት።

ከስብስቡ አንድ ሰው ገንዘብ ይያዝ፤ ሌላ ሰው ሒሳቡን ይመርምር። ሁለቱ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም፤ ባልና ሚስት ወይም የቅርብ ዘመድ ባይሆኑም ይመረጣል። እያንዳንዱ ወጪ ሁሉም አዘጋጆች በሚያዩት ሠንጠረዥ ላይ በዚያው ቀን ይመዝገብ። በጎ ፈቃደኛ ከኪሱ ያወጣውን በሳምንት ውስጥ መልሱለት። «የእኔን ተዉት» የሚል ደግ ሰው ሁልጊዜ ይኖራል። ቢሆንም ወጪው ተጽፎ እንደ መዋጮ ይያዝለት፤ አለዚያ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል።

8. ውሉ

ቀኑን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ጻፉ። ሰዓቱን ደግሞ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» ብላችሁ ግልጽ አድርጉት። ስምንት ሰዓት ጠዋት ነው ከሰዓት የሚል ክርክር በዕለቱ አይነሣ። ለማዘጋጀትና ለማጽዳት የሚያስፈልገው ሰዓትም ውስጥ ይግባ፤ ዓርብ ማታ ባነር መስቀል ይቻላል?

ሆቴል ከሆነ የተረጋገጠ ዝቅተኛ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ትንሹን ቁጥራችሁን ስጡ፤ «እስከ ሦስት ቀን በፊት መጨመር ይቻላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባ። ሙሉውን አስቀድማችሁ አትክፈሉ። ቀብዱ ቀኑ ቢራዘም ይመለሳል ወይስ ይያዛል? በመንግሥት ትእዛዝ ወይም በጸጥታ ምክንያት ስብሰባው ባይካሄድስ? ይህ እኛ አገር ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት ቀን የመቀየር መብት ጠይቁ።

9. ስፖንሰር

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ስፖንሰር የምትሄዱት። አሁን «ጉባኤው በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ ይካሄዳል፤ የእናንተ 40,000 ብር የሚውለው ለተማሪዎች ምሳ ነው» ማለት ትችላላችሁ። በዓይነት የሚሰጥም ጥሩ ነው፤ ውኃ፣ ቡና፣ ኅትመት፣ ኢንተርኔት። ቃል የተገባ ገንዘብ ሒሳብ ውስጥ እስኪገባ ድረስ በጀቱ ላይ አይቆጠርም። ምሳውን የሚያስመልሰው የገባ ብር ነው፤ የውሳኔ ቀኑንም አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ለምሳሌ ከጉባኤው 21 ቀን በፊት። በዚያ ቀን በእጅ ያለው ገንዘብ ታይቶ ምሳ አለ ወይም የለም ተብሎ ለተሳታፊዎች ይነገር። ምሳ እንደሌለ ቀድሞ የተነገረው ሰው ቅር አይለውም።

10. ከጉባኤው በኋላ

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሒሳቡን ዝጉ። የገባውንና የወጣውን በአንድ ገጽ ለአባላቱና ለስፖንሰሮች ላኩ። የተረፈ ካለ በጥላ ድርጅቱ ሒሳብ ይቆይና ለሚቀጥለው ዓመት ቀብድ ይሁን። ለአዳራሹ ኃላፊ፣ ለጥበቃዎቹና ለጽዳት ሠራተኞቹ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ፤ ቅጂውን ለአለቆቻቸው ስጡ። ደብዳቤውን ስታደርሱም የሚቀጥለውን ዓመት ሦስት ቅዳሜዎች ይዛችሁ ሂዱ።